ሁለት ባላ፥ አንድ ጆሮ

ባለብዙ ሲም ስልኮች በርከት ያሉ መረቦችን በአንድ ጊዜ ስለሚገለገሉበት መንገድ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገሬው ተረት። ይህን ምክር የተንቀሳቃሽ ስልክ ተጠቃሚውን ያህል በተግባር ያዋለው ያለ አይመስልም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በአንድ ድርጅት ብቻ ይሰጥ የነበረው የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት፥ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ሲጀምር የሁለት ድርጅቶች ሆነ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በ09 የሚጀምረውን የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩን ሳይለቅ በ07 የሚጀምር ሌላ ቁጥር የጨመረው ሰው ብዙ ነው። አንደኛው ካርድ ለንግግር፥ ሁለተኛው ለኢንተርኔት፤ አንደኛው ለቤተ ዘመድ፥ ሁለተኛው ለሥራ፤ አንደኛው ለቴሌብር፥ ሁለተኛው ለኤምፔሳ ይውላል። ሁለቱም ካርዶች ግን የሚያድሩት በአንድ ቀፎ ውስጥ ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ቀፎ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው፤ ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ስልክ በእርግጥ ሁለት መረቦችን በአንድ ጊዜ ይገለገላልን? ባይገለገልስ ጉድለቱ የማን ነው? መፍትሔውስ ከወዴት ሊጠበቅ ይገባል?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ትታሰብ። ከገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚደውሉላት ባልደረቦቿ አንደኛውን ቁጥሯን ያውቃሉ፤ ከሆስፒታሉ የሚደውሉላት ሐኪሞች ደግሞ ሁለተኛውን። ሁለቱም ካርዶች በስልኳ ውስጥ አሉ፤ በስልኩም ገጽ ላይ የሁለቱም መረቦች ምልክት ሞልቶ ይታያል። ከሆስፒታሉ ጋር ስለ አንዲት ታካሚ ዐሥር ደቂቃ ያህል በምትነጋገርበት ሰዓት ከጤና ጣቢያው ይደወልላታል። ስልኳ አይጮኽም፤ በጆሮዋም የሁለተኛ ጥሪ ድምፅ አይገባም። ደዋዩ የሚሰማው መልእክት መስመሩ መያዙን የሚነግረው ሳይሆን፥ ደንበኛዋ ሊገኙ አለመቻላቸውን የሚገልጽ ነው። ስለዚህ ደዋዩ ስልኳ ተዘግቷል፥ ወይም ያለችበት ቦታ መረብ አይደርሰውም ብሎ ይደመድማል፤ ተስፋም ይቆርጣል። እውነቱ ግን ስልኩ በእጇ ነው፤ መረቡም ከራሷ በላይ አለ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የለም። ቀፎው እንደ ተሠራበት ሠርቷል፤ ሁለቱም መረቦች ደንባቸውን ጠብቀዋል። የጎደለው አንድ እውነተኛ ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛው መረብ፥ ደንበኛዋ በሌላ መስመር ላይ መሆኗን የሚነግረው አላገኘም። ባለብዙ ሲም ስልክን ስለማሻሻል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሁለተኛ ሬዲዮ መጨመር ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ፥ ዋጋውም የሚያንስ፥ ጥቅሙም ለብዙ ሰው የሚተርፍ ሥራ አለ። ይኸውም ቀፎው ለሁለቱም መረቦች እውነቱን እንዲናገር፥ መረቦቹም ያን እውነት ለደዋዩ እንዲያደርሱ ማድረግ ነው።

ካርዱና ቀፎው

ለዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆነው የሲም ካርዱ አሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያው የጂ.ኤስ.ኤም. መረብ በፊንላንድ ሥራ ሲጀምር አንድ ትልቅ ለውጥ ይዞ መጣ፤ የደንበኛው ማንነት ከመሣሪያው ተለየ። ማንነቱ በካርዱ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቀፎው የማንም ሊሆን ቻለ። በካርዱ ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር እስከ 15 አኃዝ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ያመለክታሉ፤ ለኢትዮጵያ የተሰጠው 636 ነው። ቀጥሎ ያለው የአገልግሎት ሰጪው ቁጥር ነው፤ 01 የኢትዮ ቴሌኮም፥ 02 የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነው። ከቁጥሩ ጋር በካርዱ ውስጥ የተቆለፈ ምሥጢራዊ ቁልፍ አለ፤ መረቡም ደንበኛውን የሚያምነው በዚያ ቁልፍ አማካይነት ነው። ሲምና ስም በድምፅ እንደ መቀራረባቸው በተግባርም ይቀራረባሉ፤ ሲሙ የቀፎው ስም ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ማንነትና መሣሪያ ከተለያዩ ዘንድ፥ አንዱ መሣሪያ ሁለት ስም እንዲይዝ መታሰቡ አልቀረም። ቤኔፎን የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ካርድ የሚይዝ ስልክ አቀረበ። ይሁን እንጂ በዚያ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንደኛው ካርድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ለመጠቀም የመጀመሪያውን መተው ግድ ነበር። ሁለቱም ካርዶች በአንድ ጊዜ ጥሪ የሚጠባበቁባቸው ርካሽ ቀፎዎች የተስፋፉት ዘግየት ብሎ፥ በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽና ከዚያ በኋላ፥ የታይዋኑ ሚዲያቴክ በሚሠራቸው ቺፖች የቻይና ፋብሪካዎች ገበያውን በሞሉት ጊዜ ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2010፥ አፕል ደግሞ በ2018 ወደዚሁ መንገድ ገቡ። ከሌላው ጊዜ በተለየ ፈጠራው ከውዱ ወደ ርካሹ አልወረደም፤ ከርካሹ ወደ ውዱ ወጣ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በእስያና በአፍሪካ ገበያዎች ሰው ሁለት ካርድ የያዘው ለጌጥ አልነበረም። በአንዱ መረብ ውስጥ መደወል ወደ ሌላው መረብ ከመደወል ይረክስ ነበር፤ የአንዱ ማማ በማይደርስበት የሌላው ይደርስ ነበር፤ የሂሳብ መሙያው አስቀድሞ የሚከፈል በመሆኑም ሁለተኛ ካርድ መያዝ የወር ዕዳ አላመጣም። በመረቦች መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ድሀው ተጠቃሚ ነው፤ የሞላውም በገዛ ኪሱ ነው።

ሁለት በር የሚጠብቅ ዘበኛ

ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያለው ቀፎ «ሁለቱም ተጠባባቂ» ሊባል የሚችለው ዓይነት ነው። ሁለት ካርድ አለው፤ የሬዲዮ መላኪያና መቀበያ ክፍሉ ግን አንድ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ስልክ በማይነጋገርበት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል።

የማይነጋገር ስልክ ባትሪውን ለመቆጠብ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ያሳልፋል። በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለቅጽበት ይነቃና፥ መረቡ እየጠራው እንደሆነ ያዳምጣል፤ ካልተጠራ ይተኛል። በአራተኛው ትውልድ መረብ ይህ ዙር ዘወትር የሚደረገው በየ1.28 ሴኮንዱ ነው። ስልኩ የሚነቃበት ቅጽበት የሚሰላው ከካርዱ መለያ ቁጥር ስለሆነ መረቡም ስልኩም ሰዓቱን ያለ ስምምነት ያውቁታል። በሁለቱ ቅጽበቶች መካከል ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ ብልሃቱም ከዚህ ላይ ነው። አንዱ ሬዲዮ በአንደኛው መረብ ካዳመጠ በኋላ በባዶው ጊዜ ወደ ሁለተኛው መረብ ዞሮ ያዳምጣል። ሁለት በር የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተመላለሰ ማንኳኳት እንዳለ እንደሚሰማ ያህል ነው።

ዘበኛው በሁለቱ በሮች መካከል እስከ ተመላለሰ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። አንዱን በር ከፍቶ ከእንግዳው ጋር ወግ ከጀመረ ግን ሁለተኛው በር ሰሚ የለውም። ስልኩም እንደዚሁ ነው፤ በአንደኛው ካርድ ንግግር ሲጀመር ሬዲዮው በሙሉ ለዚያ መረብ ይሆናል፤ ሁለተኛው ካርድ ከዓለም ይጠፋል። ሁለተኛው መረብ ስልኩን ይጠራዋል፤ መልስ ሲያጣ ይደግማል፤ አንዳንዴም የጥሪውን ክልል አስፍቶ በብዙ ማማዎች ያስጠራል። በመጨረሻም ደንበኛው አልተገኘም ብሎ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ጥሪ የሬዲዮ ሀብት ይወስዳል፤ ፍሬ ግን የለውም።

የጉዳቱን ልክ በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። አንድ ሰው ከቀኑ 12 የሥራ ሰዓቶች ውስጥ 2ቱን በአንደኛው ካርድ የሚነጋገር ቢሆን፥ ወደ ሁለተኛው ካርዱ የሚመጡት ጥሪዎችም በቀኑ ውስጥ እኩል የተሠራጩ ቢሆኑ፥ ከስድስት ጥሪ አንዱ ሳይሰማ ይቀራል። ብዙ በሚነጋገር ሰው ላይ ጉዳቱ ይበዛል፤ ብዙ የሚነጋገሩት ደግሞ ሁለት ካርድ የሚይዙት ነጋዴው፥ ሾፌሩ፥ ሐኪሙና አዋላጇ ናቸው። አጭር የጽሑፍ መልእክት በዚህ አይጎዳም፤ በማእከል ተቀምጦ ስልኩ ሲመለስ ይደርሳል። የድምፅ ጥሪ ግን አይጠብቅም።

ሁለተኛም ጉድለት አለ፤ ይህ ደግሞ ስልኩ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ይደርሳል። የመንቂያው ቅጽበት ከካርዱ ቁጥር ስለሚሰላ የሁለቱ ካርዶች ቅጽበቶች አንዳንዴ በአንድነት ይገጥማሉ። ሁለቱም በሮች በአንድ ቅጽበት ይንኳኳሉ እንደማለት ነው። በአራተኛው ትውልድ መረብ ስሌቱ የሚሠራው በማይለወጠው የካርዱ መለያ ቁጥር በመሆኑ፥ አንድ ጊዜ የገጠመው ቅጽበት ስልኩ በእነዚያው ማማዎች ሥር እስካለ ድረስ እየገጠመ ሊቀጥል ይችላል። ባለ ስልኩ የሚያውቀው ጥሪ «አንዳንዴ እንደሚቀርበት» ብቻ ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎቱም ከዚሁ ዕጣ አያመልጥም። በአንደኛው ካርድ መረጃ በመቀበል ላይ ሳለ በሁለተኛው ካርድ ጥሪ ከተነሣ የመረጃው ፍሰት በድንገት ይቋረጣል። የመጀመሪያው መረብ ስለ ሁኔታው የሚያውቀው ስለሌለ፥ ለማይሰማ ጆሮ ጥቂት ጊዜ ሲልክ ይቆያል።

ሁለተኛ ሬዲዮ ስለ መጨመር

«ሁለቱም ንቁ» የሚባለው ዓይነት ቀፎ ሁለት መረቦችን በእርግጥ በአንድ ጊዜ ያገለግላል፤ በአንዱ እየተነጋገሩ የሌላውን ጥሪ ይሰማል፥ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም። እንደዚህ ያሉ ቀፎዎች በ2010ሮቹ ዓመታት ተሞክረዋል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህም በውድ ቺፖች ላይ አሳቡ እንደገና ተነሥቷል። ታዲያ ሁሉም ስልክ ለምን እንዲህ አይሠራም?

የመጀመሪያው ምክንያት ዋጋ ነው፤ ሁለተኛ መላኪያ፥ ማጉያና ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ባትሪና ሙቀት ነው። የአራተኛው ትውልድ ስልክ ብዙውን ጊዜ እስከ 200 ሚሊዋት ይልካል፤ ሁለቱ ባንድነት ቢልኩ ድምሩ 400 ሚሊዋት ይሆናል። በጆሮ ላይ ለሚያዝ ዕቃ ደግሞ በሰውነት የሚዋጠው የሞገድ ኃይል ገደብ አለበት፤ በአውሮፓ ለራስ የተወሰነው በኪሎግራም 2 ዋት ነው። ስለዚህ ሁለቱ መላኪያዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ኃይላቸውን መቀነስ ግድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውና ለባለሙያው አስቸጋሪው ምክንያት የሞገድ መጋጨት ነው። በሁለት ጣት ርቀት ላይ አንዱ ሬዲዮ ሲጮኽ ሌላው ከሩቅ ማማ የሚመጣውን ሹክሹክታ መስማት አለበት። የሁለቱ ሞገዶች ቅይጥ በአንዱ መቀበያ መስመር ላይ ከወደቀ መቀበያው ይደነቁራል። የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ የሚወሰነው ሁለቱ አገልግሎት ሰጪዎች በያዙት የሞገድ ክልል ስለሆነ፥ በአንድ አገር የሚሠራ ቀፎ በሌላው አገር ሊቸገር ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሁለተኛ ሬዲዮ ወደ ርካሹ ቀፎ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ካርድ የመያዙ ችግር የበረታበት ሰው ግን ርካሹን ቀፎ የያዘው ነው። መፍትሔውን ሁሉ በቀፎው ላይ መጣል ማለት፥ ሸክሙን ለመሸከም አቅም ለሌለው ማስረከብ ማለት ነው።

የመረቦች ድርሻ

ለብዙ ዓመታት የደረጃ አውጪዎቹ ሰነዶች ባለሁለት ሲም ስልክን እንደሌለ ቆጥረውት ኖረዋል። በመረብ ዓይን አንዱ ቀፎ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ነው፤ ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ የመሣሪያ መለያ ቁጥር አለውና። በስልኩ ላይ *#06# የመታ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ያገኛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቀፎ ፋብሪካ ችግሩን በገዛ ብልሃቱ ሲያልፈው ቆየ።

ይህ የተለወጠው «ስሪጂፒፒ» በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የደረጃ አውጪዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባጠናቀቀው 17ኛ እትም ነው። በዚህ እትም ለአራተኛውና ለአምስተኛው ትውልድ መረቦች ጥቂት መሣሪያዎች ተዘጋጁ። አንደኛው የጥሪው ምክንያት ነው፤ መረቡ ስልኩን ሲጠራ የሚጠራው ለድምፅ እንደሆነ ያመለክታል። ቀፎውም ለማስታወቂያ መልእክት ብሎ የተጀመረ ንግግር ከማቋረጥ ይድናል። ሁለተኛው «ሥራ ላይ ነኝ» የማለት መብት ነው፤ ቀፎው ለአፍታ ወደ ሁለተኛው መረብ ዞሮ ጥሪውን እንደማይቀበል ይናገራልና መረቡ በከንቱ መጥራቱን ይተዋል። ሦስተኛው ሥርዓት ያለው ስንብት ነው፤ ቀፎው ከመረቡ ሳይሰናበት ከመጥፋት ይልቅ እንዲለቀው ይጠይቃል፥ ከፈለገም እስኪመለስ ድረስ ለድምፅ ጥሪ ብቻ እንዲጠራ ያሳስባል። አራተኛው የቅጽበቶችን መግጠም ያስቀራል፤ በአራተኛው ትውልድ የስሌቱ ቁጥር በስምምነት ይሸጋሸጋል፥ በአምስተኛው ትውልድ ደግሞ ስልኩ አዲስ ጊዜያዊ መለያ ጠይቆ ቅጽበቱን ይለውጣል። ቀጥሎ የወጣው 18ኛ እትም ሁለት ሬዲዮ ያላቸውን ቀፎዎች ተመልክቷል፤ ቀፎው ከአቅሙ ከፊሉን ለሌላው ካርድ ሲያውል አቅሙ ለጊዜው መቀነሱን ለመረቡ እንዲያስታውቅ ፈቅዷል።

እነዚህ ሁሉ አዲስ ማማ የሚጠይቁ አይደሉም፤ በአብዛኛው የሶፍትዌር ሥራ ናቸው። አንድ ስጋት ግን በቅንነት ሊመረመር ይገባዋል። ደንበኛው የተፎካካሪ ካርድ መያዙን አገልግሎት ሰጪው በዚህ መንገድ አያውቅበትምን? ቀፎው የሚያሳውቀው ባለብዙ ሲም ሥርዓትን የሚችል መሆኑንና በዚያች ሰዓት መልስ መስጠት አለመቻሉን ነው፤ ሌላው ካርድ የማን እንደሆነና ከማን ጋር እንደተነጋገረ አይናገርም። የደንበኛው ምሥጢር እንዳይነካ በዚህ ወሰን መጠበቁ ተገቢ ነው።

የተጠየቀው ነገር ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን በስፋት አይሠራበትም ቢባል፥ መልሱ ችግሩ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። የቀፎ ሻጩ በሣጥኑ ላይ «ሁለት ሲም» ብሎ ጽፎ ሸጧል፤ ተሰናብቷል። አንደኛው አገልግሎት ሰጪ ለሁለተኛው ካርድ የሚደክምበት ምክንያት አይታየውም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። የጠፋ ጥሪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይመዘገብም። ቅሬታ አቅራቢው ጥሪ እንደ ቀረበት ስለማያውቅ ቅሬታም አይኖርም።

ኢንተርኔትን ድልድይ ስለ ማድረግ

ሁለተኛ ሬዲዮ ሳይኖርም የሁለተኛውን ካርድ ድምፅ መስማት የሚቻልበት አንድ ብልሃት አለ። በዋይፋይ አማካይነት መደወልን የሚፈቅዱ አገልግሎት ሰጪዎች በመረባቸው ጠርዝ ላይ የተቆለፈ የኢንተርኔት መግቢያ በር አላቸው። ቀፎው በዚያ በር የሚገባው በዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በሌላኛው ካርድ ኢንተርኔትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሁለተኛው ካርድ ጥሪ በመጀመሪያው ካርድ መረብ ላይ ተሳፍሮ ይደርሳል፤ ዘበኛው ከአንዱ በር ሳይነሣ በመስኮት የሌላውን በር እንግዳ ያያል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንዳንድ ዘመናዊ ቀፎዎች ላይ ይህ ይሠራል። ሆኖም ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አገልግሎት ሰጪው በሩን መክፈት አለበት፥ የመጀመሪያው መረብም ድምፅና ኢንተርኔትን ባንድ ጊዜ የሚያስኬድ መሆን አለበት። የንግግሩ መረጃም ከመጀመሪያው ካርድ ጥቅል ላይ ይቆረጣል።

የሁለቱን ካርዶች የኢንተርኔት ፍጥነት ደምሮ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንዱን የመረጃ ፍሰት በብዙ መንገድ ከፍሎ የመላክ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2013 በሙከራ ደረጃ ታትሟል፤ በ2020ም ተሻሽሎ ወጥቷል። ነገር ግን መንገዶቹ በእርግጥ ሁለት መሆን አለባቸው፤ የፍሰቱም ሌላ ጫፍ ሥርዓቱን ማወቅ አለበት። አንድ ሬዲዮ ያለው ቀፎ ጊዜውን ለሁለት ቢከፍል ፍጥነቱ ተከፈለ እንጂ አልተደመረም። ከዚህ የተለየ ተስፋ የሚሰጥ የሻጭ ቃል በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ዛሬ በእጅ ያለው

የ17ኛው እትም መሣሪያዎች ለአሮጌ ቀፎና ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ትውልድ መረብ አይደርሱም። ለእነርሱ የሚሆን ብልሃት ግን በጂ.ኤስ.ኤም. ሥርዓት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጧል፤ ይኸውም ጥሪ ማስተላለፍ ነው። በሁለተኛው ካርድ ላይ **62* ብሎ፥ የመጀመሪያውን ካርድ ቁጥር ጽፎ፥ በ# የዘጋ ደንበኛ፥ «ሁለተኛው ካርድ ሊገኝ ባልቻለ ጊዜ ጥሪውን ወደ መጀመሪያው አስተላልፍ» ብሎ አዘዘ ማለት ነው። በመጀመሪያው ካርድ ላይ ደግሞ የጥሪ መጠባበቂያውን በ*43# ይከፍታል። ከዚያ በኋላ አዋላጇ ከሆስፒታሉ ጋር በምትነጋገርበት ሰዓት ከጤና ጣቢያው የሚመጣው ጥሪ፥ የእርሷን ካርድ በከንቱ ከፈለገ በኋላ ዞሮ በያዘችው መስመር ላይ ይደርሳል፤ በጆሮዋም የሁለተኛ ጥሪ ምልክት ይሰማል። ለሁለቱም ካርዶች ይህንኑ ተገላብጦሽ ማድረግ ይቻላል። ትእዛዙን ለመሰረዝ ##62# ይመታል።

ይህ ብልሃት ጉድለት አለው። የተላለፈውን ጥሪ ዋጋ የሚከፍለው ያስተላለፈው ደንበኛ ነው፤ ጥሪው ከመረብ ወደ መረብ የሚሻገር በመሆኑም ዋጋው በሁለቱ ድርጅቶች ስምምነት ይወሰናል። አገልግሎት ሰጪው ወደ ተፎካካሪ ቁጥር ማስተላለፍን ካልፈቀደም አይሠራም። ሆኖም ያለ አዲስ ቀፎ፥ ያለ አዲስ ማማ፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውም ያስተማረው ስለሌለ ነው።

የባለሙያው ግዴታ

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚተርፉ አራት ተግባራት አሉ።

አንደኛ፥ በቀፎ ሣጥን ላይ «ሁለት ሲም» ብሎ መጻፍ በቂ እንዳይሆን መጠየቅ ነው። ሁለቱም ተጠባባቂ ነውን፥ ወይስ ሁለቱም ንቁ? የ17ኛውን እትም መሣሪያዎች ይዟልን? የኮሙኒኬሽን አገልግሎትን እንዲቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን መግለጫ ለገዢው ግልጽ የማድረጉን ጉዳይ ቢመለከተው ለሕዝብ የሚጠቅም ይሆናል።

ሁለተኛ፥ በአገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ የሚሠሩ አባላት የመረብ ማሻሻያ ዕቅድ ሲያወጡ የባለብዙ ሲም መሣሪያዎችን ከተራ ቁጥር እንዲያስገቡ ነው። አንዱ መረብ ይህን ሲያደርግ የሚጠቀመው የገዛ ደንበኛውና የገዛ ሬዲዮው ነው፤ ለተፎካካሪ የተሰጠ ስጦታ አይደለም። ጥሪ ማስተላለፍንም ወደ ሌላው መረብ ክፍት፥ ዋጋውንም ግልጽ ማድረግ ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ለሆስፒታሎች፥ ለአምቡላንስና ለመሳሰሉት ተቋማት ቀፎ የሚመርጡ ባለሙያዎች ሁለት ካርድን እንደ ዋስትና እንዳይቆጥሩት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ወይ ሁለቱም ንቁ የሆነ ቀፎ፥ ወይ ሁለት ቀፎ፥ ወይ በሚገባ የተፈተነ ጥሪ ማስተላለፊያ ያስፈልገዋል። የተፈተነ የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ በአንዱ እየተነጋገሩ ወደ ሌላው ደውሎ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አራተኛው ማስተማር ነው። ባለሙያው ሲያውቀው የኖረውን ነገር ተጠቃሚው የሚያውቀው አንድ ቀን በደረሰበት ጉዳት እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ተረቱ ሁለት ባላ መትከልን መከረ፤ መልካም መክሯል። ነገር ግን ሁለቱ ባሎች የቆሙት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ፥ ጉድጓዱ ሲናድ ሁለቱም ይወድቃሉ። ባለሁለት ሲሙ ስልክ ለጊዜው እንዲሁ ነው፤ ሁለት ስም አለው፥ ጆሮው ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን ጆሮ ገበያው በጊዜው ያመጣዋል። እስከዚያው ድረስ ያ አንድ ጆሮ በሥራ ላይ መሆኑን በእውነት የሚናገር አንደበት ሊኖረው ይገባል፤ ይህን አንደበት መስጠት ደግሞ የባለሙያዎች ሥራ ነው። ከጤና ጣቢያው የደወለው ሰው «አልተገኘችም» ከሚለው ይልቅ «በሌላ መስመር ላይ ናት፤ ጥቂት ይታገሡ» የሚለውን ቢሰማ ዳግመኛ ይደውላል። በዚያች ዳግመኛ ጥሪ ላይ የአንዲት እናትና የአንድ ሕፃን ሕይወት ሊንጠለጠል ይችላል።